የሰፈራችን የቦርጭ ኃላፊ

በየሰፈሩ ማንም ሳይሾመው የሰዉን ሁሉ ቦርጭ በኃላፊነት የሚከታተል አንድ ሰው አለ። ሌላው ሰው ሰላም ሲላችሁ ዓይናችሁን ያያል፤ እሱ ቀበቶአችሁን ያያል። ሌላው «ልጆች ደኅና ናቸው?» ይላችኋል፤ እሱ «ትናንት ማታ ምን በላህ?» ይላችኋል። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ምናልባት ሰውየው እናንተው ትሆናላችሁ።

የእኛ ሰፈር ኃላፊ ጋሽ ንዋይ ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ ከአዳማ ሞጆ ደረቅ ወደብ እየተመላለሰ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ሲያስለቅቅ የኖረ ትራንዚተር ነው። ልጆቹ «አባዬ፣ አሁንስ ይበቃሃል» ብለው ሥራውን ካስተዉት ወዲህ ግን ሙሉ ጊዜው ለእኛ ሰውነት ተመድቧል። ክቡርነታቸው ቢሮ የላቸውም፤ ቢሮአቸው መንገዱ፣ ባንኩና የለቅሶ ድንኳኑ ነው። ክቡርነታቸው የምለው እዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። በአካል ሲያገኙት በዕድሜ ቢበልጥም አንቱታ አይወድም። «አንቱ ስትለኝ ጉልበቴ ይከዳኛል» ይላል።

ትምህርቱ አንድ ናት፤ ከአፉ የማትለይም እሷው ናት፤ «ስብ ወጪ፣ ጡንቻ ገቢ።» አንድ ቀን ስልኬ ላይ ያነበብኩትን ይዤ፣ ስብ ማጥፋትና ጡንቻ ማውጣት ባንድ ጊዜ ስለሚያስቸግር ተራ በተራ ይሻላል የሚሉ አሉ ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኩት። እንደ ታመመ ልጅ አዘነልኝ።

«ማስረሻ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ መኪና ባዶውን ይወርዳል?»

«አይወርድም መሰለኝ።»

«ቡና ጭኖ ይወርዳል፣ ብረት ጭኖ ይመለሳል። ባዶ መንገድ ኪሳራ ነው። ሰውነትም እንደዚያው ነው። በአንድ ደርሶ መልስ ሁለቱንም ትጨርሳለህ።»

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ኮፒ እያደረግሁ የማረጅ ሰው ነኝ። ያነበብኩትን ቀርቶ የጻፍኩትን እንኳ ሁለት ጊዜ ካላየሁ አላምንም። ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

ክቡርነታቸው ቦታ አይመርጡም። ባለፈው ዓመት አንድ የዕድራችን አባል አርፈው አስከሬኑን ልናነሳ ስንጎነበስ፣ ጋሽ ንዋይ አንገቱን ደፍቶ ከኋላዬ ተጠጋና በሐዘን ድምፅ «ነፍሳቸውን ይማር። በወገብህ አታንሳ፤ ጉልበትህን እጠፍ» አለኝ። አጠፍኩ። እውነቱን ለመናገር የዚያን ቀን ወገቤን አላመመኝም።

ባንክ አብረን የሄድን ጊዜ ደግሞ ወረፋው ረዝሞ ሰው ሁሉ ሲያጉረመርም እሱ ደስ አለው። «ወረፋ ማለት ነፃ ጂም ነው» አለና በእግር ጣቶቹ እየቆመ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላው ያለው ነጋዴ ጀመረ፤ ከዚያ ቀጥላ ያለችው ሴትዮም። ጥበቃው ነገሩ አላማረውም።

«አባት፣ ወደ ካዝናው ምን ያንጠራራዎታል?»

«ካዝና አይደለም፣ ባቴን ነው የማሠራው። አንተም ቆመህ ከምትውል ሞክረው፤ ደመወዝህን አይቀንሱብህም።»

ጥበቃው ተቆጥቶ ወደ በሩ ተመለሰ። እኛ ጉዳያችንን ጨርሰን ስንወጣ ግን ዱላውን ተደግፎ፣ ግራ ቀኙን እያየ፣ በጣቶቹ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁት።

ይህን ሁሉ ዳር ቆሜ የምስቅበት ነገር ነበር። ሳቁ ያበቃው ከፋሲካ ማግስት ነው። በዚያ ሰሞን ውኃ ውኃ እያለኝ፣ ሌሊትም እየተመላለስኩ ስለተቸገርኩ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሑስና የምትባል ነርስ በባዶ ሆዴ ጣቴን ወግታ ቁጥሩን አየችና በሚገባኝ ቋንቋ ነገረችኝ።

«ስኳሩ ገና ቤት አልገባም፤ በር ላይ ቆሟል። ቦርጭዎን ይቀንሱ፣ ይንቀሳቀሱ። ከመስቀል በፊት ተመልሰው ይምጡና እንለካዋለን። ካልወረደ መድኃኒት እንጀምራለን።»

መድኃኒቱን አልፈራሁም። የፈራሁት መንገዱን ነው፤ ምክንያቱም እስከ መጨረሻው አውቀዋለሁ። አባቴ ለስኳር መጀመሪያ ጣቱን፣ ቀጥሎ እግሩን፣ ከዚያ ሁሉንም ነው የሰጠው። የአባቴን ጫማ አንዱን ብቻ የወለወልኩባቸው ዓመታት አሉ። ከጤና ጣቢያው እስከ ቤቴ ድረስ ባጃጅ ሳልይዝ፣ እግሮቼን እያየሁ በእግሬ ሄድኩ።

ለባለቤቴ ለአሰለፈች ብቻ ነገርኳት፤ ለማንም እንዳትናገርም አስማልኳት። አሰለፈች ምስጢር ጠባቂ ናት፤ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የምትነግረው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጋሽ ንዋይ ቱታውን ለብሶ በሬን አንኳኳ።

የሥልጠና ማዕከላቸው የራሳቸው ግቢ ነው። በቀለም ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቶ ብረት የተከለባቸው ክብደቶች አሉ። ከከባድ መኪና የወለቀ ቸርኬ አለ። የተሰበረ ካምቢዮ አለ፤ እሱ የሚሰጠው ላደጉ ሠልጣኞች ነው። እኔ ዓይናፋር ስለሆንኩ መንገደኛ እንዳያየኝ በሩ ይዘጋልኝ ብዬ ለመንኩ። ዘጋልኝ። ከዘጋው በኋላ ግን ቀበሌው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ መቁጠር ጀመረ።

«አራት። ማስረሻ፣ አትቸኩል፣ ዕቃው የሚሰበር ነው። አምስት። አፍህን ክፈትና ተንፍስ እንጂ። ስድስት አላልኩም፣ አላወረድከውማ።»

ከቅጥሩ ውጭ አንድ የጋሪ ነጂ «አይዞህ ማስረሻ» ብሎኝ አለፈ። ሰውየውን እስከ ዛሬ አላውቀውም።

ሻይ ያለ ስኳር ሆነ። እንጀራው ተቀነሰ፤ ወጡ ግን አልተቀነሰም። ጠዋት እንቁላል፣ ምሳ ላይ ምስር። በየሳምንቱ ጣሳው በትልቅ ጣሳ ይለወጣል። «ብረት ስታነሣ ዕቃ ታዛለህ፣ ስትበላ ትከፍላለህ፣ ስትተኛ ይራገፋል» እያለ በጊዜ እንድተኛ ያስገድደኛል። የፍልሰታ ጾም ሲገባ፣ እንቁላል ስለማይበላ እስኪፈታ ድረስ ሥልጠናውን ብናቆመውስ ብዬ አንድ ደካማ ሐሳብ አቀረብኩ። ክቡርነታቸው ገቡና አንድ ትሪ ይዘው ወጡ፤ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ኦቾሎኒ፣ በየክምሩ።

«አንዱ ወደብ ሲዘጋ በሌላው ይገባል» አለኝ። «አንተ ብቻ መኪናውን አታቁም።»

መኪናው አልቆመም። ሱሪዬ መውረድ ጀመረ። ችግራችንም የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ስቡ ከሆዴ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ መጀመሪያ የወጣው ከፊቴ ነው። ጉንጬ ጎደጎደ፤ አንገቴ ቀጠነ። ጡንቻ የተባለው ነገር ገብቶ እንደሆን ደግሞ ማንም አላየውም። እኔ በአዳማ ሙቀት እንኳ እጅጌ ሙሉ ሸሚዝ የምለብስ ሰው ነኝ። መስታወት ፊት ክንዴን አጥፌ ለማየት ሞክሬ፣ አሰለፈች ስትገባብኝ ፀጉሬን የማክ መስዬ ተውኩት። ስለዚህ ሰው የሚያየው ወጪውን ብቻ ነበር።

እኛ ዘንድ ደግሞ የወፈረ ሰው «ተመችቶሃል» ይባላል፤ የከሳ ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ይባላል። ሱቄ ድረስ መጥቶ አንዲት ገጽ ኮፒ ያስደረገ ደንበኛ ሲወጣ ፊቴን ትክ ብሎ አየና «አላህ ያሽርህ» ብሎኝ ሄደ። አሜን ከማለት በቀር ምን ይባላል? አሜን አልኩ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ቡዜ፣ የአርሲ ሰው ናቸው፣ መንገድ ላይ ሁለት እጄን ይዘው «ማል ታቴ፣ ማስረሻ? ምን ነካህ የኔ ወንድም?» አሉ። ደኅና ነኝ አልኳቸው። ደኅና ነኝ ማለቴ ይበልጥ አስደነገጣቸው።

ወሬው ከእኔ ፈጠነ። አንዱ ጨጓራው ነው አለ፤ ሌላው ሳንባው ነው አለ። ከሁሉ የከፋው ግን የዕድሩ ወንዶች ጥላ ሥር ተቀምጠው ያወሩት ነው። አንደኛው «ንዋይ ነው የጨረሰው» አለ አሉ። «ድሮ ዕቃ ያወጣ ነበር፣ አሁን ነፍስ ማውጣት ጀመረ።» ይህ ቃል ጋሽ ንዋይ ጆሮ ደርሷል። እኔ ፊት ግን አንድም ቀን አላነሣውም።

ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ጠያቂው መጣ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳሎናችን ይሞላል። ሙዝ በእጅ በእጁ ይመጣል፤ ማንጎ ጭማቂ ይመጣል፤ ድፎ ዳቦ ይመጣል። አንዲት የአሰለፈች ዘመድ፣ ለአራስ እንደሚወሰደው ያለ ቅቤ የተንሳፈፈበት አጥሚት በፔርሙዝ ይዛልኝ መጣች። ወይዘሮ ቡዜ ደግሞ በቅቤ የተለወሰ የገብስ ጭኮ፣ እንዲያው የሚያብረቀርቅ፣ በሰፌድ ሙሉ። እነዚህ ደግ ሰዎች በአንድ እሑድ የሚያስገቡልኝን ለማውጣት እኔ አንድ ወር ጣሳ ማንሳት አለብኝ።

እንቢ እንዳልል፣ ሰው ካፉ ነጥቆ ያመጣልኝን ነገር እንዴት እንቢ እላለሁ? ስኳር ሊይዘኝ ነው እንዳልል፣ ያ ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። ከአፌ ከወጣ እውነት የሚሆን ይመስለኝ ነበር። ወይዘሮ ቡዜ ከጭኮው ጠቅልለው «በሞቴ» እያሉ ወደ አፌ ሲመጡ፣ የአባቴ እግር እየታየኝም ቢሆን አፌን ልከፍት ስል፣ አጠገቤ የተቀመጠው ጋሽ ንዋይ የራሱን አፍ ከፈተ።

«ወይዘሮ ቡዜ፣ ሐኪም ከልክሎታል። በእሱ ፈንታ ለእኔ ያጉርሱኝ።»

«አንተን ደግሞ ምን አከሳህና ነው?»

«የእሱ ሕመም እኔንም ጎድቶኛል።»

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ምንም የተጎዳ ነገር አላገኙበትም። ግን የዘረጉትን እጅ መመለስ ነውር ነውና አጎረሱት። ሁለተኛውንም አጎረሱት፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል። ከዚያ አጥሚቱን «እኔ ልቅመስለት» አለ። ዳቦውን «እኔ ልባርክለት» አለ። ጠያቂዎቹ ያመጡት ስለተበላላቸው ደስ ብሏቸው ሄዱ፤ እኔም በአፌ ሳይዞር ዋልኩ።

ሰዉ ሲወጣ «ጋሽ ንዋይ፣ ለምን እንዲህ ታደርጋለህ?» አልኩት።

«ወደብ የደረሰ ዕቃ መነሣት አለበት፤ ከዘገየ ቅጣት አለው» አለኝና፣ ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሣ።

በቀጣዩ እሑድ መጣ። ከዚያ በኋላም አልቀረም። ጥላ ሥር «ማስረሻን የጨረሰው እሱ ነው» የሚሉት ሰዎች ያመጡትን ምግብ፣ እነሱ ፊት ተቀምጦ፣ እየሳቀ ይበላል። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ግቢው ውስጥ ቆሞ ለእኔ ይቆጥርልኛል። የራሱን ካምቢዮ ማንሳት ከተወ መሰንበቱን አላስተዋልኩም። ያየችው አሰለፈች ናት። አንድ ማታ ልብስ እያጣጠፈች «የጋሽ ንዋይን ቀበቶ አይተኸዋል?» አለችኝ።

«ምን ሆነ?»

«በመጨረሻው ቀዳዳ ነው ያሰረው። ካንተ የወጣውን ስብ ሁሉ እሱ ተሸክሞታል።»

ዓመቱን ሙሉ የሰው ቀበቶ ሲያይ የኖረ ሰው፣ የእሱን የሚያይለት አልነበረውም። እኔ በየቀኑ ፊት ለፊቱ ቆሜ ጣሳዬን ነበር የማየው። የዚያን ዕለት ለራሴ ከምፈራው በላይ ለእሱ ፈራሁ።

ዐዲስ ዓመት አለፈ፤ መስቀልም ተቃረበ። ጤና ጣቢያ ለመሄድ ስነሣ ጋሽ ንዋይ ሸሚዙን ሆዱን በሚሸፍን ሰፊ ካቻማሊ ቀይሮ በር ላይ ጠበቀኝ። ጭነት ያለ አጃቢ አይሄድም አለ። አግዳሚው ላይ ተራ ስንጠብቅ አጠገቡ ጎብጠው የተቀመጡትን ታካሚዎች ሁሉ ጀርባቸውን አስቀናቸው፤ ሑስና በሩን ስትከፍት ሰዉ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አገኘችው።

ጣቴን ወጋችኝ። መሣሪያዋን እስክታነብ ድረስ ያለው ጊዜ የአባቴን የሕመም ዘመን ያህል ረዘመ።

«ወርዷል» አለች። «በጣም ጥሩ ነው። መድኃኒት አያስፈልግዎትም፤ ግን እንዳያቆሙ።»

እግሮቼን ወደ ታች አየኋቸው። ሁለቱም አሉ። ቀና ስል ጋሽ ንዋይ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አፍንጫውን ሲጠርግ አየሁት። ሑስናም እሱን እያየች ነበር። ከፊቱ ወደ ሆዱ ወረደች።

«እርስዎስ አባት? ተመርምረው ያውቃሉ?»

«እኔ? እኔ አሰልጣኝ ነኝ።»

«አሰልጣኝ ስኳር አይዘውም?»

«ቆይ እስቲ፣ ሞጆ የሚጠብቀኝ ሰው ነበር» አለና ተነሣ።

እኔ በዕድሜዬ ሰውን ቁጭ በል ብዬ አላውቅም፤ ራሴም የምቀመጠው ተፈቅዶልኝ ነው። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፤ «ጋሽ ንዋይ፣ ቁጭ በል» አልኩት። ሑስና እንኳ ደንግጣ ቀና አለች። እሱ ግን ተቀመጠ።

የከባድ መኪና ቸርኬ የሚያነሣው ሰው መርፌ ይፈራል ለካ። ጣቱን ለእሷ ሰጥቶ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሌላው እጁ ክንዴን ከላይ ጨምድዶ ያዘኝ። አመመኝ። ከዚያ ጭምደዳው ላላ። ጣቶቹ አንድ ነገር እንደሚፈትሽ ሰው በሸሚዜ ላይ ወዲያ ወዲህ አሉ። አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ቆይ። ይሄ ምንድን ነው?»

«ክንዴ ነው።»

«ክንድህን አውቀዋለሁ። ይሄ ክንድህ አይደለም። እስቲ እጠፈው።»

ነርስ ፊት ነው፤ አፈርኩ። ግን አጠፍኩት። ተጫነው፤ ለቀቀው፤ እንደገና ተጫነው። ድንጋይ ነው አልልም፤ ግን ከፋሲካ በፊት እዚያ ቦታ ያልነበረ ነገር ነበር። ጋሽ ንዋይ አፉን ከፍቶ ቀረ። ወራት ሙሉ ይገባል ይገባል ሲል የኖረው ሰውዬ፣ ሲገባ አላመነም።

«አለቀ፣ አባት» አለች ሑስና።

«ምኑ?»

«ወግቼዎታለሁ።»

ጣቱን አየው፤ የጥጥ ቁራጭ ይዟል። ሑስና ቁጥሩን አነበበችና ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ ነገረችው። እኔ በፋሲካ ማግስት ከነበረኝ ቁጥር ትንሽ ከፍ ይላል። በር ላይ ነው አለችው፤ ገና አልገባም፤ ቦርጭዎን ይቀንሱ፣ ከገና በፊት ይመለሱ። ጋሽ ንዋይ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቃል ሳይመልስ አዳመጠ። እጁ ክንዴ ላይ እንዳለ ነበር። እስኪለቀኝ ድረስ እኔም ክንዴን እንዳጠፍኩለት ቆየሁ።